ቦርጭ ለማጥፋት ሩጫ፣ ጂም፣ ጾም ወይስ የጓዳው ዘይት? የቱን ልምረጥ ለምትሉ

ያየኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "ምን ሰርተሽ ነው?" ሩጫ ነው፣ ጂም ነው፣ ወይስ ዳይት ምናምን። በ14 ወር ውስጥ ከ84 ኪሎ ወደ 71 ነው የወረድኩት፣ ወገቤ ደግሞ ከ102 ሴንቲሜትር ወደ 86 ገብቷል፣ እና በዚህ መሀል ያልሞከርኩት ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ አንዳንዱ ሰርቶልኛል አንዳንዱ ብሬን ብቻ በልቶ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ በአንድ እያወዳደርኩ ልጻፍላችሁ፣ በተለይ እንደኔ አዲስ አበባ ለሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል፣ ማታ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር እንጀራ ለሚበላ ሰው። የውጪ ሀገር የዳይት ዝርዝር ላይ ያለው ብሮኮሊና ሳልመን ለኛ ቤት ምንም አይሰራም።

መጀመሪያ ትልቁን ምርጫ እንጨርሰው፣ ስፖርት ወይስ ምግብ? ሁለቱም ያስፈልጋል የሚባለው ልክ ነው፣ ግን ስራቸው እኩል አይደለም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ 7,700 ካሎሪ (ካሎሪ ማለት ከምግብ የምናገኘውና በእንቅስቃሴ የምናቃጥለው ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ አለ። ሩጫ በግርድፉ ሲሰላ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በአንድ ኪሎሜትር 1 ካሎሪ አካባቢ ያቃጥላል፣ ማለትም 80 ኪሎ የሆነ ሰው 5 ኪሎሜትር ቢሮጥ 400 ካሎሪ ቢያወጣ ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ ስብ ለመጨረስ ያንን 5 ኪሎሜትር 19 ጊዜ መሮጥ አለበት ማለት ነው፣ ያውም ሮጦ ሲገባ ርቦት ምንም ተጨማሪ ነገር ካልበላ። ብዙ ሰው ግን ይበላል፣ ምክንያቱም ሩጫ ያስርባል፣ "ዛሬማ ሮጫለሁ" ብሎ አንድ ፓስቲና ስኳር የበዛበት ሻይ ከወሰደ ከለፋው ግማሹን ያህል መለሰው። ሶስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሲሮጡ ከርመው ሚዛኑ ንቅንቅ ያላለላቸው ሰዎች አውቃለሁ፣ ሰነፎች ሆነው አይደለም እኮ፣ ሂሳቡ ነው ያልመጣላቸው።

አሁን ይሄንን 400 ካሎሪ ያዙልኝና ወደ ጓዳ እንግባ። እኛ ቤት አምስት ነን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴ እና ሁለት ልጆች። ዘይት የምንገዛው ባለ 5 ሊትሩን ነው፣ አንድ ቀን የተገዛበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፣ በ21 ቀኑ አለቀ። ዘይት በግራም 9 ካሎሪ ነው፣ 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ጀሪካኑ ውስጥ ከ41,000 ካሎሪ በላይ ነበር ማለት ነው። ለ21 ቀንና ለአምስት ሰው ስታካፍሉት በቀን ለአንድ ሰው 390 ካሎሪ ይመጣል። ልጆቹ ደግሞ ትንሽ ነው የሚበሉት፣ ስለዚህ የእኛ የአዋቂዎቹ ድርሻ ከዛም ይበልጣል። አያችሁት? እያንዳንዳችን በየቀኑ የ5 ኪሎሜትር ሩጫ የሚያክል ዘይት ብቻ ነበር የምንበላው፣ እንጀራው ሳይቆጠር፣ ስጋው ሳይቆጠር። ይሄን ሳሰላ ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። የእኔ ቦርጭ ታሪክ ከዛች ቀን ነው የተቀየረው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ወጥ ስንሰራ ደግሞ በማንኪያ አይደለም የምንለካው፣ ጀሪካኑን ዘንበል አድርገን ነው። እናቴ "ዘይቱ ከላይ ካልወጣለት ምኑ ወጥ ነው" ነበር ያለችኝ፣ እና አልፈርድባትም፣ እሷ የተማረችው ባለሙያነት እንደዛ ነው፣ እንግዳ ቢመጣ ወጡ ደረቅ ሆኖ ቢያገኘው ታፍራለች። ግን መፍትሄውም ከራሷ ነው የመጣው። ድሮ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን የምታበስለው ያለ ዘይት ነበር፣ ደቆ የተከተፈውን ሽንኩርት ደረቅ ድስት ውስጥ አድርጋ ውሃውን እስኪመጥ እያማሰለች፣ ሊይዝባት ሲል ውሃ ጠብ እያደረገች። ያንን ለሽሮውም ለምስሩም እናድርገው አልኳት። ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይበስላል፣ በርበሬው ይገባል፣ በውሃ እየታሸ ይቁላላል፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ሳይሰሰት ይገባል፣ ዘይቱ ወደ መጨረሻው ነው የሚጨመረው፣ ለአምስት ሰው ድስት ሶስት ወይ አራት የሾርባ ማንኪያ፣ ተለክቶ። የመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቴ "ምን ጎደለው?" እያለ ነበር፣ በሶስተኛው ሳምንት ውጪ የበላው ወጥ ከበደኝ ማለት ጀመረ። ጀሪካኑ አሁን ስድስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ነው የሚያልቀው። ይሄ ማለት ለአንድ ሰው በቀን 195 ካሎሪ አካባቢ ቀነሰ ማለት ነው፣ ማንም ሳይራብ፣ ማንም ቱታ ሳይለብስ። (ልጆቹ እያደጉ ስለሆነ እነሱ ላይ ምንም አልቀነስኩም፣ እንቁላልና ወተታቸው እንዳለ ነው።)

ስለዚህ ስፖርት ወይስ ምግብ ለሚለው መልሴ ግልጽ ነው፣ ኪሎው እንዲወርድ ከፈለጋችሁ ከምግብ ጀምሩ፣ ከምግብም ከዘይትና ከሚጠጣ ነገር። ስፖርቱ የወረደው እንዳይመለስ ያደርጋል፣ ጡንቻችሁን ያቆይላችኋል፣ የደም ግፊትና የስኳር ነገር ደግሞ ኪሎ ባይቀንስም ራሱ ይሻሻላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ልጀምር ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ግዜ በሁለት ሳምንት ሁለቱንም ይተዋል፣ በአንዱ ጀምሩ።

የሚጠጣውን ቶሎ ልለፈው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው፣ በቀን ሶስት ሻይ በሶስት ሶስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 145 ካሎሪ እዛ ጋ አለው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 125 አካባቢ፣ አንድ ቢራ 140 አካባቢ። ቅዳሜ አራት ቢራ የሚጠጣ ሰው 560 ካሎሪ ጠጣ፣ ጥሬ ስጋውና ጥብሱ ለብቻው ይሰላል። የጁስ ቤት አቮካዶ ደግሞ ጤነኛ ነገር ስለሚመስል ሰው አይጠረጥረውም፣ አንድ ሙሉ አቮካዶ 250 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ላዩ ላይ ስኳርና ቪምቶ ሲጨመርበት አንድ ምግብ ሆነ። አቮካዶ ጥሩ ነው እኮ፣ ግን በሰላጣ ብሉት፣ በምግብ ላይ ደርባችሁ አትጠጡት።

እንጀራ ልተው ወይስ አልተው?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምጠላው ምክንያቱም ብዙ ሰው ክብደት መቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚሰዋው እንጀራን ነው፣ ከዛ በሩዝና በፓስታ ይተካዋል፣ ወይ በዳቦ፣ ከዛ ምንም አይመጣም። እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው፣ 100 ግራሙ ከ130 እስከ 150 ካሎሪ ነው፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ዳቦ ደግሞ 250 እና ከዛ በላይ። የጤፉ እንጀራ ቃጫም አለው፣ ያጠግባል። ችግሩ እንጀራው ሳይሆን ብዛቱና የጠጣው ዘይት ነው፣ በተለይ ፍርፍር ሲሆን፣ ፍርፍር ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ነው የሚመጠው። እኔ ድሮ ማታ አንድ ተኩል እበላ ነበር፣ አሁን ግማሽ ወይ ሩብ ጎደል አንድ ነው የምበላው፣ ግን ከጎኑ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ስር፣ ሰላጣ ይበዛል፣ የትሪውን ግማሽ እሱ ይይዛል።

ሌላው ነገር ትሪው ነው። አንድ ትሪ ላይ አብሮ መብላት ደስ የሚል ነገር ነው፣ እንድትተዉት አልልም፣ ግን ምን ያህል እንደበላችሁ በፍጹም አታውቁም፣ ከመሀል እየተጨመረ፣ ጉርሻው እየመጣ፣ "በሞቴ አንዴ ብቻ" እየተባለ። እኔ ለሶስት ወር ያህል በስራ ቀን ለብቻዬ ሰሃን ላይ በላሁ፣ እሁድ እሁድ ከሁሉም ጋር ትሪ ላይ። ከሶስት ወር በኋላ አይኔ ለመደ፣ አሁን ትሪ ላይም ሆኜ የት ጋ ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ጾም፣ ኬቶ፣ ካሎሪ መቁጠር

አሁን ወደ አበላል ዘዴዎቹ። በጣም የሚነሳው ይሄ በሰአት የሚበላው ነገር ነው፣ 16 ሰአት ሳትበላ ቆይተህ በ8 ሰአት ውስጥ ትበላለህ የሚባለው፣ በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰአት እስከ ምሽቱ 1 ሰአት ማለት ነው። ሰው እንደ አዲስ ግኝት ሲያወራው ይገርመኛል፣ በኛ ሀገር አያቶቻችን እስከ 9 ሰአት ጾመው የኖሩ ናቸው። ይሰራል ወይ? ይሰራል፣ ግን ሰአቱ ራሱ ተአምር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የቻይና ጥናት አለ፣ ጓንጁ ከተማ ውስጥ 139 ወፍራም ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለሁሉም ተመሳሳይ የተቀነሰ ካሎሪ ሰጧቸው፣ አንዱ ቡድን ግን ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰአት ብቻ ነው የሚበላው። ከ12 ወር በኋላ በሰአት የበሉት 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፣ ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ እርግጠኛ የሚያደርግ አይደለም ነው ያሉት። ስለዚህ ማታ ማታ ቲቪ እያየ ቆሎና ኦቾሎኒ ለሚበላ ሰው ሰአት መገደብ በጣም ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም ያንን ያስተወዋል። ጠዋት ካልበላ እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ጨጓራ ላለበት ሰው ግን እኔ አልመክርም፣ ለሱ ሶስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻለዋል። ስኳር ኖሮበት ኢንሱሊን ወይ እንክብል የሚወስድ ደግሞ ሀኪሙን ሳያማክር በፍጹም እንዳይጀምር፣ እርጉዝና የምታጠባ እናትም እንደዛው።

ጾማችንስ? ጾም ዳይት አይደለም፣ ለነፍስ ነው፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል፣ ኪሎ ለመቀነስ ብላችሁ ጹሙ አልላችሁም። ግን የምንጾም ሰዎች በአመት ውስጥ የሁዳዴ 55 ቀን አለን፣ ፍልሰታ 15 ቀን አለ፣ የገና ጾም አለ፣ ረቡዕና አርብ አለ፣ ይሄ ሁሉ ቀን ምን እንደምንበላ ሳናስብ ስለ ክብደት ማውራት አይቻልም። እና ብዙ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፣ በጾም የሚወፍር አለ። ለምን ቢባል ስጋና ቅቤው ሲወጣ ቦታውን ዘይት፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ ይይዘዋል፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ይቀንስና ሰውየው ቶሎ ቶሎ ይርበዋል። እኔ በሁዳዴ የምይዘው ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ነው፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ እንጀራ በትንሹ ምስር በብዛት፣ በዘይት የተጠበሰ ነገር ደግሞ ቅዳሜ ብቻ። ባለፈው ሁዳዴ 3 ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ከዛ በፊት በነበረው 2 ኪሎ ጨምሬ ነበር፣ ጾሙ አንድ ነው፣ ሰሃኑ ነው የተለያየው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት ደግሞ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቼም ያው ነው የሚሉኝ፣ ቴምሩና ሾርባው ችግር የለውም፣ ከሱ በኋላ የሚመጣው የሳምቡሳ ሰሃን ነው ሁሉን የሚያበላሸው።

ኬቶ ማለት ካርቦሃይድሬቱን አጥፍቶ ስብና ስጋ መብላት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 2 ወይ 3 ኪሎ ይወርዳል፣ ሰው በዛ ነው የሚማረከው፣ ግን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ስኳር ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ እሱ ሲያልቅ ውሃውም ይወጣል፣ እንጀራ ስትመለሱ እሱም ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ 609 ሰዎችን ለ12 ወር የተከታተለ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ስብ የቀነሱትንና ካርቦሃይድሬት የቀነሱትን አወዳድሮ 5.3 ኪሎ ለ6 ኪሎ ነው ያገኘው፣ ማለትም ያው። ለምን ታዲያ እንጀራችሁን ትጣላላችሁ? በዛ ላይ የስጋው ዋጋ፣ በዛ ላይ የጾም ቀኑ፣ ለሚጾም ቤት ኬቶ በየሳምንቱ ረቡዕና አርብ ይፈርሳል። ክትፎና አይብ በጎመን የሚወድ ሰው ለሁለት ወር ሊመቸው ይችላል፣ ለአመት ግን የቆየበት ሰው አላየሁም።

ካሎሪ በስልክ መቁጠር በጣም ትክክለኛው ዘዴ ነው፣ ችግሩ የኛን ምግብ አያውቀውም፣ "ሽሮ" ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣው ቁጥር ማን ምን ያህል ዘይት ጨምሮበት እንደሆነ አይታወቅም። እኔ በስልክ ፋንታ በጭልፋ ነው የምቆጥረው፣ ሁለት ጭልፋ ወጥ፣ ግማሽ እንጀራ፣ የቀረው አትክልት። ምሳ ደግሞ ምሳ እቃ ይዤ ነው የምሄደው፣ ምክንያቱም የምግብ ቤት በያይነቱ ዘይቱን እኔ አልቆጣጠረውም። ይሄ ለሁለት ሳምንት ይከብዳል ከዛ ይለመዳል።

ወደ እንቅስቃሴው እንሂድ

እዚህ ጋ ምርጫው የሚወሰነው በጉልበታችሁ፣ በሰፈራችሁና በሰአታችሁ ነው እንጂ የቱ ብዙ ካሎሪ ያቃጥላል በሚለው አይደለም።

ሩጫ በሰአት ሲታይ ብዙ ያቃጥላል፣ ልብና ሳንባን ያጠነክራል፣ ነጻ ነው፣ መስቀል አደባባይ ጠዋት 12 ሰአት ላይ ሄዳችሁ ደረጃውን የሚወጣውን ህዝብ ስታዩ ራሱ ጉልበት ይሰጣችኋል። ግን 84 ኪሎ ሆኜ ስጀምር ጉልበቴ በሶስተኛው ሳምንት አበጠ። ከተማችን ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ይደርሳል፣ አዲስ ጀማሪ ቶሎ ቁና ቁና የሚተነፍሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነው። ከባድ ክብደት ላለው ሰው መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዛ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ እንደዛ እያለ ነው። ግብ ካላስቀመጥኩ አልንቀሳቀስም የምትሉ ደግሞ ህዳር ላይ ያለው ታላቁ ሩጫ ጥሩ ነው፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአመቱ አለ፣ 10 ኪሎሜትር ነው፣ ግማሹን በእግር የሚጨርስ ሰው ሞልቷል፣ ለዛ ብላችሁ ከሰኔ ጀምሮ መለማመድ ትችላላችሁ።

እርምጃ የኔ ምርጫ ነው፣ በግልጽ ነው የማዳላለት። 80 ኪሎ ሰው 40 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ቢራመድ ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ያወጣል፣ ከሩጫ ያንሳል፣ ግን በየቀኑ ይቻላል፣ ጉልበት አይጎዳም፣ እንደ ሩጫ አያስርብም፣ ቱታ መቀየር የለ፣ ላብ የለ። እኔ ጠዋት ታክሲ የምይዘው እስከ መገናኛ ብቻ ነው፣ ከመገናኛ እስከ 22 ማዞሪያ በእግሬ፣ ጫማዬን ቢሮ ቀይሬ እገባለሁ። የታክሲ ሰልፉ ላይ የምቆመውን ሰአት ስቀንሰው የምዘገየው ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። በክረምት ግን እውነት ለመናገር ይከብዳል፣ ጭቃው አለ፣ ዝናቡ አለ፣ ለዛ ወር ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ለሴቶች ደግሞ ንጋት 11 ሰአት ላይ ብቻ መውጣት አልመክርም፣ ውሻውም አለ ሌላውም አለ፣ ሁለት ሆናችሁ ውጡ ወይ የስራ መንገዳችሁን ተጠቀሙበት።

ጂም። እኔ ሰፈራችን ያለ አንድ ጂም የ6 ወር አንድ ላይ ከፈልኩ፣ ቅናሽ አለው ስለተባለ፣ አምስት ሳምንት ነው የሄድኩት። አሰልጣኙ ትሬድሚል ላይ 40 ደቂቃ ያስሮጠኝና ሲትአፕ ያሰራኛል፣ ከዛ "ስብ የሚያቃጥል" ያለውን ዱቄት በቆርቆሮ ሸጠልኝ። ብረት አንድ ቀን አላስነካኝም፣ "ሴት ብረት ካነሳች ወንድ ትመስላለች" ይለኝ ነበር፣ ይሄ ስህተት ነው፣ በጣም ያናደደኝም እሱ ነው። የጂም ትልቁ ጥቅሙ ትሬድሚሉ አይደለም፣ መራመድማ መንገድ ላይም ይቻላል፣ ጥቅሙ ብረቱ ነው። ሰው ምግብ ቀንሶ ብቻ ሲከሳ ከሚወርደው ኪሎ ውስጥ እስከ ሩብ የሚደርሰው ከጡንቻና ከሌላው ስብ ካልሆነው ክፍል ሊሄድ ይችላል፣ ፊቱ ይጎደጉዳል፣ ይደክመዋል፣ ቦርጩ ግን ለስለስ ብሎ ይቀራል። ያንን የሚከላከለው ክብደት ማንሳትና በቂ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ጂም ከመረጣችሁ በወር ክፈሉ፣ ከቤት ወይ ከቢሮ 10 ደቂቃ ውስጥ ያለውን ምረጡ፣ ገብታችሁም ስኳት (ብረት ይዞ ቁጭ ብድግ)፣ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት)፣ ፕሬስ (ብረት መግፋት) የሚያስተምራችሁ ሰው ካለ እዩ፣ ከሌለ ሌላ ፈልጉ።

ቤት ውስጥ መስራት ለእናቶች የሚሻለው ይሄ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ 20 ደቂቃ፣ ከወንበር መነሳት መቀመጥ፣ ግድግዳ ወይ ጠረጴዛ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ ሁለት ባለ 2 ሊትር የውሃ ላስቲክ ይዞ ወደ ላይ መግፋት፣ ጀሪካን ተሸክሞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መውጣት። በሳምንት ሁለት ቀን በቂ ነው፣ የአለም ጤና ድርጅትም የሚለው ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በሳምንት፣ ከዛ ላይ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ነው። ገመድ ዝላይ ፈጣን ነው፣ 10 ደቂቃው 100 ካሎሪ ያልፋል፣ ግን ከታች ያለ ጎረቤትና የታመመ ጉልበት ካለ አይሆንም።

ሲትአፕ ብቻ ሰርቶ ቦርጭ ማጥፋት የሚባለው አይሆንም፣ ሆድ ላይ ያለው ስብ የሚወርደው ከመላ ሰውነት ጋር ነው፣ ሲትአፑ ከስሩ ያለውን ጡንቻ ነው የሚያጠነክረው። ሆድ ላይ የሚታሰረው የማቅጠኛ ቀበቶም ላብ እንጂ ስብ አያወጣም። የማቅጠኛ ሻይ የሚባሉት ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው ያለባቸው፣ የሚወጣው ውሃ ነው፣ አንጀታችሁን አታስለምዱት። በመርፌ የሚሰጡት እንደ ኦዜምፒክ ያሉት መድሀኒቶች እውነትም ይቀንሳሉ፣ ግን የሀኪም ነገር ናቸው፣ ከሰው ሻንጣ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ታዲያ የቱ ለማን?

ወንድሜ ሹፌር ነው፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ ማታ ሁለት ቢራ፣ እሁድ ስጋ ቤት። ለሱ ያልኩት ዘይት አይደለም፣ ቢራው ነው፣ በሳምንት ከ14 ወደ 4 አወረደው፣ ሌላ ምንም ሳይነካ በአራት ወር 3 ኪሎ ያህል ቀነሰ። ጓደኛዬ ደግሞ አራስ ቤት ከወጣች አመት ሊሞላት ነው፣ ገንፎውና ቅቤው ቀርቷል ግን የማታ ቆሎ አልቀረም፣ ለሷ ሰአት መገደብና ቤት ውስጥ 20 ደቂቃው ነው የሰራው፣ ማጥባት ካቆመች በኋላ። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ችግሯ ሌላ ነው፣ እዛ መኪና ካለ እርምጃ የሚባል የለም፣ ሁለት ስራ ስለምትሰራ ምግቧ መኪና ውስጥ ነው፣ ለሷ ቅዳሜ ቀን የሳምንቱን ወጥ በትንሽ ዘይት ሰርቶ በየእቃው ማስቀመጥና ከስራዋ አጠገብ ያለ ጂም ነው ያዋጣት። ጉልበት ለሚያመው እርምጃና ብረት፣ ሩጫ ይቆይ። ጨጓራ ላለበት ሰሃን መቀነስ እንጂ ሰአት መቁጠር ይቆይ።

ለውጡን በምን ትለኩታላችሁ? ሚዛን በሳምንት አንዴ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከመብላት በፊት፣ ከዛ በላይ አትውጡበት፣ ውሃና ጨው ብቻውን አንድ ኪሎ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ለሴቶች የወር አበባ ሰሞን የባሰ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበልጣል፣ እምብርት አካባቢ ለክታችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ በታች መሆን አለበት፣ 164 ሴንቲ ከሆናችሁ ከ82 በታች ማለት ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጥሩ ፍጥነት ነው፣ የኔ ከዛም ያነሰ ነበር፣ በአማካይ በወር አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ግን አልተመለሰም።

አንድ ያላሰብኩት ከባድ ነገር ሰው ነው። እኛ ጋ "ወፈርሽ" ማለት "ተመቸሽ" ማለት ነው፣ "ከሳሽ" ደግሞ "ምን ነካሽ"። ልቅሶ ቤት፣ እቁብ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ "አመመሽ እንዴ? ቤት ሰላም ነው?" ያላለኝ የለም፣ እናቴ ራሷ በስምንተኛው ወር ጠበል እንሂድ ብላኝ ነበር። ሀኪም ቤት ወስጃት የደም ግፊቴን አብራ ስታይ ነው ያመነችው፣ የላይኛው ቁጥር ከ145 ወደ 124 ወርዶ። አሁን ለጎረቤት ሽንኩርት በደረቅ ድስት እንዴት እንደሚቁላላ የምታስተምረው እሷ ናት።

አሁን 71 ላይ ሶስት ወር ቆሜያለሁ። ሰውነት ሲቀንስ የሚያስፈልገው ምግብም ይቀንሳል፣ 84 ኪሎ ሆኜ የሚያከሳኝ ሰሃን አሁን ልክ ይዞ የሚያቆየኝ ሆኗል። ምርጫው እንጀራውን ሌላ ሩብ መቀነስ ወይ እርምጃውን መጨመር ነው፣ ቁመቴ 164 ስለሆነ ወገቤ ገና 4 ሴንቲ ይቀረዋል። እንጀራውን አልነካውም፣ ከዚህ በታች ከወረድኩ ማታ ሲርበኝ ሌሊት ተነስቼ ጓዳ እንደምገባ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዝናቡ ሲያቆም፣ መስከረም ሲጠባ፣ ከ22 እስከ መገናኛ ማታም በእግሬ ልመለስ ነው፣ ባለቤቴም ከቢሮው ወጥቶ እዛው 22 ጋ ሊጠብቀኝ ተስማምተናል።